ለነፍስ የተሰጠ በርኖስ

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ውርጩስ እንዴት አደረጋችሁ፣ ከገብሱ የተረፈላችሁ አለ? ወዳጆስ እንደምን ነው? ሌላ ጊዜ ቢሆን የባልሽን ጤና የምጠይቀው ከላሞቹና ከበጎቹ በኋላ ነበር፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እሱም ያውቀዋል። ዛሬ ግን ደጋግሜ እጠይቅሻለሁ፤ ወዳጆ እንደምን ነው? ራሴን አላለም? ወገቤን፣ ጭኔን አላለም? ብርድ ብርድ አላለውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ብቻ ከትናንት ጀምሮ በረታብኝ፤ ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ከዚያ የተነሣ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥሪ ‹በስተርጅና ሀ ሁ› እያልኩ ስቄብሽ ነበር፤ አሁን ግን ያስተማረሽን ሰው እግዚአብሔር ይባርከው እላለሁ። ሌላ ሰው የሚያነብልሽ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ለዓይንሽ ብዬ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቀስ እያልሽ አንብቢ። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። እዚህ ላይ ንባቡን አቁሚና ተነሺ። ለወዳጆ የላክሁትን በርኖስ አስወልቂው። ከቤት አውጥተሽ፣ ሰውም ከብትም ከማይደርስበት ካብ ላይ ጣዪው። ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ነይና ቀሪውን አንብቢ።

አወለቀልሽ? እንግዲህ ልንገርሽ። ስነግርሽ አትርገሚኝ፤ እርግማንሽ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ጋሽ አባይነህን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ለጉልበትሽ የሚቀባ ቅባት ልትገዢ መጥተሽ ‹ቅባቱ አያድንሽም፣ የምትሸከሚውን እንስራ አሳንሺ› ብለው ያስቀየሙሽ ሰውዬ ናቸው። ድሮ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስለኛ አካሚ፣ ነበሩ። አሁን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እኔ ደግሞ ኪኒን የምቆጥርላቸው፣ ጠርሙስ የማጥብላቸው፣ አወሳሰዱን በቁራጭ ወረቀት ላይ የምጽፍላቸው ረዳታቸው ነኝ። እሳቸው ዘንድ መድኃኒት ሊገዛ የገባ ሰው ምክር ሳይጎነጭ አይወጣም። ለሳል የመጣውን ከብቶቹን ከመኝታው እንዲለይ ይነግሩታል። ሆዷን ለቆረጣት ውኃውን አፍልታ አቀዝቅዛ እንድትጠጣ ይነግሯታል። ዓይኑ የታመመ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ቅባቱን የምታገኘው የልጁን ፊት እዚያው ባንኮኒው አጠገብ በሳሙና ካጠበች በኋላ ነው። መርፌ ውጉኝ ብሎ የሚለምነውንማ ‹መርፌ እህል አይሆንህም› ብለው ባዶ እጁን ይሰዱታል። ገበያተኛው ‹የጋሽ አባይነህ መድኃኒት ግማሹ ቁጣ ነው› ይላል። ይበል እንጂ ከሞላሌ ሳይቀር ይመጡባቸዋል።

በኅዳር ወር አንድ ክፉ በሽታ ገባብን። ራብ ከቀዬው ያፈናቀለው ሰው በመንገዱ ሽቅብ መጥቶ በየበረንዳው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቃቅፎ ያድራል፤ ከዚያ ይሁን ከሌላ እንጃ። በሽታው ሲጀምር ብርድ ብርድ ይላል፤ ራስ ይፈልጣል፤ ወገብና ጭን ይቆረጥማል። አምስት ስድስት ቀን ሲያነድ ቆይቶ አንድ ቀን በላብ ይለቃል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ይወጣል፣ ቤተሰቡም ስእለቱን ያስገባል። በሳምንቱ ተመልሶ ይጥለዋል። ሁለተኛውን የሚችል አለ፤ የማይችል አለ። ግርሻ የሚሉት ለዚህ ነው። ጋሽ አባይነህ በሠራዊት ቤት አይተውት ስለነበር ገና ሦስተኛውን ሕመምተኛ ሲያዩ አወቁት። የሰውየውን እጀ ጠባብ ስፌት ገልጠው አሳዩኝና ‹ተመልከቺ፣ ገዳዩ ይኸ ነው› አሉኝ። ቅማል ነው እትዬ። ተራ ቅማል።

እኔና አንቺ ቅማልን ከማንም በላይ እናውቃለን። ፀሐይ ላይ ጉልበትሽ ላይ አጋድመሽኝ ራሴን ስትቀምዪኝ፣ በሁለቱ አውራ ጣቶችሽ ጥፍር ጣ ስታደርጊያት፣ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በልጅነቴ ከዚያ የጣመ ነገር ትዝ አይለኝም። ጋሽ አባይነህ ግን ጥፋቱ እሱ ላይ ነው ይላሉ። የዚህ በሽታ ቅማል የምትገድለው ስትነክስ ሳይሆን ስትፈርጥ ነው፤ ከሆዷ የሚወጣው ነገር በጥፍር ሥርና በታከከ ገላ በኩል ይገባል። እናት ልጇን ስትቀምል ራሷም ልጇም ይያዛሉ። ይህን የሰማሁ ቀን እጄን እያየሁ ነው የዋልኩት።

እናም ማስታወቂያ ጻፊ አሉኝ። በካርቶን ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጌ ጻፍኩት። ወረርሽኝ አለ፤ ልብሳችሁን ቀቅሉ፤ ራሳችሁን ተላጩ፤ ቅማል በጥፍር አትግደሉ፣ እሳት ውስጥ ጣሉ፤ የታመመና የሞተ ሰው ልብስ ሳትቀቅሉ አትልበሱ ይላል። በራችን ላይ የቆየው ግማሽ ቀን ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ወረርሽኝ አለ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ይህ ሕዝብን የሚያሸብር ፀረ አብዮት ወሬ ነው አለ። ጋሽ አባይነህ ‹እኔን ከምትጠይቀኝ ቅማሏን ጠይቃት፣ ማኅበር የገባች እንደሆነ ትነግርሃለች› አሉት። እኔ ከባንኮኒው ሥር የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ አጎንብሼ ቀረሁ። የእጅ ጽሑፉ የኔ እንደሆነ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሁለት ሌሊት በቀበሌው እስር ቤት አድረው ሲመለሱ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ በጓሮ ዞረው በርሜል ጣዱና የለበሱትን ሁሉ አውልቀው ቀቀሉ። በአንሶላ ተጠቅልለው ነው ‹እንደምን ሰነበትሽ› ያሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ምክሩን የምንሰጠው በጆሮ ነው። ኪኒኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሳቀብል ጎንበስ ብዬ ‹ልብስዎን ይቀቅሉ› እላለሁ፤ ሰውየው ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ እኔም አያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልሰደውም። እትዬ፣ እኔ በጣም እፈራለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ከባንኮኒው ሥር አጎነብሳለሁ። ነገር ግን ሊቀ መንበሩን የምፈራው ፍርሃት አሁን ከምነግርሽ አይበልጥም።

ባለፈው ፋሲካ ወዳጆን ያስቀየምኩት ለጨዋታ ነበር። ያን አሮጌ ለምዱን ደርቦ ከበጎቹ ጋር ሲመጣ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ‹እትዬ፣ የትኛው ነው ባልሽ?› አልኩሽ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። አንቺም ሳቅሽ፤ አልሳቅኩም እንዳትዪ። እሱ ብቻ ዋንጫውን አስቀምጦ ወጣ፤ እስክመለስም ቃል አልተናገረኝ። የመንዝ ሰው ራቡን ይችላል፣ ብርዱን ይችላል፤ በልብሱ ሲስቁበት ግን አይችልም። ስንት የሚቀለድበት ነገር እያለ ምላሴ እዚያ ላይ አረፈ። ከዚያ ጀምሮ አንድ ጥሩ በርኖስ ገዝቼ ልክሰው አስብ ነበር።

በኅዳር አጋማሽ እዚህ የታወቁ አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ሞቱ። ብርድ መትቷቸው ነው ተባለ፤ ቤተሰባቸው እኛ ዘንድ አልመጣም። እንደ ወጉ ከልብሳቸው የተሻለው ለነፍሳቸው ተብሎ ለነፍስ አባታቸው ለቄስ አፈወርቅ ተሰጠ። በርኖሱ ያ ነው፤ ጥቁር፣ ከትከሻው ቀጥ ያለ፣ አገር የሚያውቀው። ቄስ አፈወርቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ለበሱት። እንግዲህ እሳቸውም ያው ድኃ ናቸው፤ ገብሳቸውን ውርጭ በላው፤ ልጆቻቸው ቤት ተቀምጠው እጅ እጃቸውን ያያሉ። ታኅሣሥ እንደባተ በጓሮ በር መጡና ልጄ ግዢኝ አሉኝ። ለነፍስ የተሰጠ ልብስ እንደማይሸጥ አንቺም ታውቂያለሽ። የሸጠም የገዛም በሙቱ ነፍስ ይጠየቃል። እሳቸው ከእኔ የበለጠ ያውቁታልና ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ለማንም እንዳልናገር በመስቀላቸው አስማሉኝ፤ እኔም በርካሽ ስላገኘሁት ደስ እያለኝ ማልኩ።

መሐላው ነው እትዬ ያጠፋን። ቀን ላይ ባሰጣው ሰው ያየዋል፤ ካየው የማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ቄሱም ይዋረዳሉ፣ እኔም። ስለዚህ ፀሐይ አላስመታሁትም፣ አላራገፍኩትም፣ ስፌቱን ገልጬ አላየሁትም። መቀቀሉ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ እንዳይመስልሽ። ትዝ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስናገር የምውለውን እንዴት እረሳዋለሁ? በርሜሉ ጓሮ ነበር፤ ውኃውም ነበር። ግን በርኖስ ሲቀቀል እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማዶ ይቀራል፤ ያን ትከሻውን ሳየው አሳዘነኝ። ባለጠጋ ቅማል የለበትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት የኔን ዓይነቱን ነው። ይልቅስ ሁለት ሌሊት ደርቤው አደርኩ። እንዲህ ያለ ሙቀት ከቤትሽ ከወጣሁ አግኝቼ አላውቅም፤ ወዳጆ እንዴት ያምርበት ይሆን እያልኩ ተኛሁ። ታኅሣሥ ሦስት ለበዓታ በጆንያ ጠቅልዬ በእናንተ በኩል ለሚያልፈው ለራቤሉ አህያ ነጂ ሰጠሁት።

ሰውየው ባለፈው ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ወዳጆ በርኖሱን እንዳየው ለበሰው፣ ሰንበትን ቤተ ክርስቲያን ለብሶት ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ሲተኛም አያወልቀውም አለኝ። ‹እህቴን እግዜር ይስጥሽ በላት› ብሎ ልኮብኛል። እህቴ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ለሕመምተኛው ሁሉ ስስቅለት ዋልኩ፤ ጋሽ አባይነህ ምን አግኝታ ነው ብለው ገረማቸው።

ሐሙስ ጠዋት የቄስ አፈወርቅ ባለቤት ወይዘሮ ገበያነሽ እያለቀሱ ገቡ። ቄሱ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቃዣሉ፣ ገላቸው እሳት ነው አሉ። ጋሽ አባይነህ ከሰሞኑ የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው እንደሆነ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ አንዴ እኔን አዩኝ፣ አንዴ መሬቱን አዩ። ከዚያ አዎን፣ ለነፍስ የተሰጠ በርኖስ ነበራቸው፣ አሁን ግን የለም አሉ። የት ሄደ ሲሏቸው እንጃ አሉ። ሴትዮዋ በእኔ ላይ አልመሰከሩም። እኔ ግን የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሽማግሌው በምን እንደሞቱ ያኔ ገባኝ። ወዳጆ ሲተኛም አያወልቀውም ያለኝ ቃል በጆሮዬ ይጮኽ ጀመር።

ለዚህ በሽታ የሚሆነው እንክብል፣ ቴትራሳይክሊን የሚሉት፣ በዚያች ሰዓት እኛ ዘንድ የቀረው ስድስት ፍሬ ነበር። በኅዳር የመጣልንን ካርቶን ለዘመቻ ይፈለጋል ብለው ሰዎች መጥተው ወስደውታል፤ ደረሰኝ እንኳ አልሰጡንም። ለአንድ ሰው ሁለት ፍሬ ባንድ ጊዜ ይዋጣል፣ ሌላ የለውም። ለቄሱ ሁለቱን ሰጡና አራት ቀረ። አሁን የሚያስፈልግ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው። አፌን ከፍቼ ልናገር ነበር። አልተናገርኩም። ቁጣቸውን ፈርቼ፣ መሐላውን ፈርቼ፣ ‹አንቺ ነሽ ይህን ያደረግሽው› መባልን ፈርቼ ሐሙስንም ዓርብንም ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስመክር፣ ባልሽ ያን ልብስ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ይህን ነው ይቅር የምትዪኝ እንደሆነ ይቅር የምትዪኝ፤ ሌላውስ ሞኝነት ነው።

ዛሬ ጠዋት አልቻልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በየቀኑ ለሰው እነግራለሁ። ጋሽ አባይነህ ገና መዝጊያውን ሳይከፍቱ ከፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም፤ አልጮኹም። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው አራቱን ፍሬ አወጡና በወረቀት ላይ ደረደሯቸው፤ ቀይና ቢጫ ናቸው፣ ስታያቸው የሕፃን መጫወቻ ይመስላሉ። እህትሽ ቤት ስንት ሰው አለ አሉኝ። ልጆቹን ድረዋል፣ ሁለት ብቻ ናቸው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና አንቺስ ያን በርኖስ ለብሰሽዋል ወይ አሉኝ። ከጆንያው አላወጣሁትም አልኳቸው። ማዪልኝ አሉኝ። በመድኃኔ ዓለም ማልኩላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ መማሌ ነው በዚህ ነገር።

አራቱንም ሰጡኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላስቲክ አስሬ፣ በጨርቅ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። የሚያደርሱልሽ እማሆይ አስካለ ማርያም ናቸው፤ ወደ ገዳማቸው ሲመለሱ በእናንተ በኩል ያልፋሉ። መነኩሲት ማንም አይፈትሽም፤ ራሳቸውም የተላጨ ነው፣ ከዚህ አገር ቅማል የማልፈራባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ጋሽ አባይነህ እንዳሉኝ አድርጌ እነግርሻለሁ፤ ደጋግመሽ አንብቢው። ወዳጆ ታሞ ከሆነ ሁለቱን ፍሬ ባንድ ጊዜ በውኃ ይዋጥ። በወተት እንዳይሆን፤ ወተት የመድኃኒቱን ጉልበት ይሰብረዋል። እርግጥ የነቢያት ጾም ነው፣ ወተት ብትሰጪውም አይጠጣልሽም፤ ግትርነቱ ለአንዴ ጠቀመን። አሁን የምነግርሽን ግን በጣም ልብ በይው። ከዋጠው አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ክፉኛ ያንቀጠቅጠዋል። ጥርሱ ይጋጫል፣ ትኩሳቱ ከፊተኛው ይብሳል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። የሞተ ይመስልሻል። መድኃኒቱ በሽታውን ሲገጥመው ነው እንጂ መርዝ ሆኖበት አይደለም። እዚህ አንዱን ሰውዬ ቤተሰቡ መርዝ አጠጡብን ብለው በቃሬዛ አንሥተው ሲሮጡ መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ አለች፤ ከተኛበት ባያነሡት ይድን ነበር አሉ ጋሽ አባይነህ። ስለዚህ አታንሺው፣ ለሽንት እንኳ አይቁም። አልብሰሽ፣ ውኃ እያጠጣሽ፣ እስኪነጋ አጠገቡ ሁኚ። ጎረቤት ቢጮኽ አትስሚ። ጠበል መውሰድሽን አልከለክልም፤ ሲያልበውና ሲበርድለት፣ በሦስተኛው ቀን ውሰጂው።

ሁለቱ ፍሬ ያንቺ ነው። ትኩሳት ሲጀምርሽ የዚያኑ ቀን ዋጪው እንጂ ለሌላ ሰው ብለሽ አታስቀምጪው። አውቅሻለሁ፤ ለጎረቤት ልጅ ብለሽ ትሰጪያለሽ። እንዳትሰጪ። ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ሁለታችሁንም ምንም ካልነካችሁ ግን በእማሆይ እጅ መልሺልኝ፤ እዚህ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

በርኖሱን ቀቅዪው። ውኃው ሲንተከተክ ክተቺው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይፍላ። ይጨማደድ፣ ይበላሽ። ለብሰሽው የነበረውንም፣ ጋቢውንም፣ የሁለታችሁን ነጠላም። የተኛችሁበትን ገለባ አውጥተሽ አቃጥዪ። ፀጉርሽን ተላጪ፤ ሰው ማን ሞተባት ቢል ይበል። ማንንም በጥፍርሽ አትቀምዪ። ራሱን ጉልበትሽ ላይ አድርጎ ልጅ ቢለምንሽ እንኳ እምቢ በይ።

ለወዳጆ ምን ብለሽ እንደምትነግሪው ስጨነቅ ነው የዋልኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ዋሺው፣ ቀለሙ ይለቃል በይው ልልሽ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ውሸት ሰልችቶኛል። ቅማላም አለችኝ ብሎ ቱግ ማለቱ አይቀርም፤ በመጀመሪያ በግ አለችኝ፣ አሁን ደግሞ ቅማላም አለችኝ ይላል። ቅማሉ ከእኔ የመጣ መሆኑን ንገሪው። እኔው በገዛ እጄ፣ በደስታ ጠቅልዬ የላክሁለት መሆኑን ንገሪው። ይቆጣ፣ ስሜን አይጥራ፤ እድሜ ልኩን ቢያኮርፈኝ ደስ ይለኛል፤ እድሜ ይኑረው ብቻ። አንቺንም ቢቆጣሽ ቻዪው። የሚቆጣ ባል ቤትሽ አለ ማለት ነው።

ስለ እኔ አትጨነቂ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው ያለሁት፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ጋሽ አባይነህ ሰኞ ደብረ ብርሃን ይወርዳሉ፤ ከሰጧቸው እንክብሉን ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬ ከቀትር በፊት ወደ ቤት ሂጂ አሉኝ፤ ፊቴ ደስ አላላቸውም። ማስታወቂያ ጻፍኩ፣ ቄስ ጋር ተማማልኩ፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ፤ ፊቴ ምን ሊመስል ነው? ራሴን ሻሽ አስሬበታለሁ። ወገቤም ቆሜ በመዋል ነው። ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ጋደም ብዬ ተነሥቻለሁ፤ እማሆይ ደጅ ተቀምጠው ስለሚጠብቁኝ መቸኮል አለብኝ።

እንድትመጪ ሰው ብልክብሽ አትምጪ። ናፍቃሻለች፣ ጠርታሻለች ቢሉሽም አትምጪ። በእኔ ልመና የተላከ ቢመስልሽም አትመኚ፤ አሁን በደኅና ልቤ የምልሽን ያዢ።

እንግዲህ የላመ የጣመ አጉርሰሽ ያሳደግሽኝ፣ ያጎረስሽኝ እጅሽ አይዛል። ከብትሽን ከክፉ፣ ደጅሽን ከሚያንኳኳው ሁሉ ይጠብቅልሽ። ወዳጆን ጻድቃኔ ማርያም ከአጠገብሽ አትለይብሽ። የገና ዕለት ሁለታችሁም ከማዕድ ቀርባችሁ፣ የልጅ ልጅ አቅፋችሁ ያገናኛችሁ፤ በዚያን ቀን ስሜን ጠርታችሁ ሳቁብኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከመሐል ሜዳ የኔ ነው ብሎ ማንም ልብስ ቢያመጣልሽ፣ ያንን አረንጓዴ ቀሚሴንም ቢሆን፣ ከደጅ አታሳልፊው፣ ገላልጠሽም አታሽትቺው። ለነፍሷ ይሁናት ብለሽ ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ከደጅ ሆነሽ በደንብ ቀቅዪው።

ያሳደግሽኝ ታናሽ እህትሽ